የቲቸር ለሜሳ ምርቃት

ጉደር መግቢያ ላይ ለአንድ የጎማ ጥገና ቤት ሰሌዳ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። መሰላል ላይ ነበርኩ። በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ያለ ማስመሪያ፣ በዓይን ልኬት ብቻ ፊደል የሚያሰልፍ ሰው ከጊንጪ እስከ ባኮ ካለ ይምጣና ልየው። ብሩሹን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ ስልኩን በግራዬ አነሳሁት። ሲፈን ነበረች፤ የቲቸር ለሜሳ ልጅ።

«ኦቦ ታዬ» አለች።

«አለሁ ልጄ።»

«አባዬ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርሰው ቀረች።

መጨረስ አላስፈለጋትም። ከመሰላሉ ወረድኩ። የጎማ ቤቱ ባለቤት፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ምነው ኦቦ ታዬ፣ ቀለም አለቀ እንዴ?»

«ሰው አለቀ» አልኩት። «አምቦ የነበረው ቲቸር ለሜሳ ሞተ።»

«የእኛ ቲቸር? ‹ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል› የሚለው?» አለና ደጁ ላይ የተከመረው ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ከጉደር እየተመላለሰ አምቦ የተማረ ልጅ ነበር ለካ። «እኔ እኮ ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት እሱ ያስተማረኝን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጠፍቶኛል» አለኝ። ሰሌዳው ላይ «ጎማ» ብቻ እንደተጻፈ ትቼው ወደ አምቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ።

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ ይህ ጽሑፍ የእሱ ነው። ግን አንባቢ የሚነግረው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበትና ጥቂት ልበል። የተወለድኩት ከተማችን አምቦ በወረቀት ሁሉ ሀገረ ሕይወት ተብላ በምትጻፍበት ዘመን ነው። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብ በራሴ ተማርኩ፤ ኦሮምኛው የሰፈሬ ነው፤ እንግሊዝኛውን ያገኘሁት ደግሞ ከቀለም ቆርቆሮ ላይ ነው። አዎ፣ ከቀለም ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን መመሪያ ሌላው ቀለም ቀቢ ሳያየው ይጥለዋል። እኔ መዝገበ ቃላት ገልጬ ቃል በቃል እጨርሰው ነበር። ዛሬ አምቦ ዋናው መንገድ ላይ ከሚታዩት ሰሌዳዎች ግማሹ የእኔ እጅ ነው። ሌላው ግማሽ የኮምፒውተር ነው፤ እሱን ፀሐይ ይበላዋል፣ ጠብቁ።

ከቲቸር ለሜሳ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ባጃጅ በከተማችን መብዛት በጀመረበት ሰሞን አንድ ሆቴል «ምግባችን በየቀኑ ትኩስ ሆኖ ይዘጋጃል» የሚል ሰሌዳ በእንግሊዝኛ አዘዘኝ። «ፍሬሽሊ» የምትለውን ቃል እወዳታለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ፣ በቀይ፣ በትልቁ ጻፍኳት፤ «ፍሬሽሊ አወር ፉድ ኢዝ ፕሪፔርድ»። ወደ ታች ስመለከት ቡናማ ኮት የለበሰ፣ እጅጌው ጠመኔ የጠገበ፣ ቀጭን ረጅም ሰው አንጋጦ ያየኛል።

«ጋሼ» አለ።

«አቤት።»

«ፍሬሽሊ ምን አጥፍታ ነው ብቻዋን ከመኪናው ጣሪያ ላይ የጫኗት?»

«የምን መኪና?»

«ውስጥ ቦታ እያለ እኮ ነው! ኢዝ ሾፌሩ ነው። ፕሪፔርድ ዋናው ሥራ ነው። ፍሬሽሊ ደግሞ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ መሃል ገብታ ከሥራው ጎን ትቀመጣለች። ‹ኢዝ ፍሬሽሊ ፕሪፔርድ›።»

«አንተ ማነህ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«አስተማሪ ከሆንክ ክፍልህ ግባ። እኔ የሚያምረውን ነው የምጽፈው።»

«ማማሩስ ያምራል» አለ፣ ሳይቆጣ። «እንዲህ ያለ ፊደል አይቼ አላውቅም። ያዘንኩትም ለዚሁ ነው።»

ሰው እውነት ሲናገር ቁጣ ይበርዳል። ወረድኩና የያዝኩትን የቀለም ቆርቆሮ አዙሬ «እስቲ ይህን አንብብ» አልኩት፤ ልፈትነው። አነበበ። «ዘ ሰርፌስ መስት ቢ ቶሮሊ ክሊንድ» ይላል፤ ግድግዳው ቀለም ከመቀባቱ በፊት በሚገባ መጽዳት አለበት ማለት ነው። አንብቦ ሲጨርስ ጥሩ ጠጅ እንደቀመሰ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«ኦቦ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ድሮም ከእኔ ጋር ነው።»

«ቶሮሊን አዩዋት? ቢ እና ክሊንድ መሃል ሽጉጥ ብላ! እባክዎ ሲያልቅ ቆርቆሮውን ይስጡኝ።»

እኔ ያን ቀን ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደገና የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። ሰውየው ኮቱን አውልቆ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ እስክጨርስ መሰላሉን ስለያዘልኝ ነው። ባዶውን ቆርቆሮም ሰጠሁት። በማግስቱ ክፍል ይዞት ገብቶ ተማሪው ሁሉ በየተራ አንብቦታል።

ከዚያ ወዲህ ጓደኛ ሆንን። አንድ ቀን «ይምጡና ክፍሌን ይዩ» አለኝ። ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ በመስኮት፣ ግድግዳ ስቀባ። እንደሱ ያለ አላየሁም። ወንበሮቹን ከፊት እንደ ሚኒባስ ደርድሯቸዋል። አንዱ ልጅ «ሃዝ» ነው፤ ሾፌር ሆኖ ተቀምጧል። አንዷ «ቢን» ናት። መጨረሻ ላይ ያለው ወፍራም ልጅ «ሪትን» ነው። ሌሎቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እነሱ አድቨርብ ናቸው፤ ሥራው መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩ ቃላት።

«ኔቨር፣ ኦልዌይስ፣ ኦልሬዲ ችኩሎች ናቸው» ይላል። «ችኩል ሰው የት ይቀመጣል?»

«ከሾፌሩ ኋላ!»

«ዌል፣ ባድሊ፣ ኬርፉሊስ?»

«ከሥራው ጎን!»

አንዷ ልጅ «ኬርፉሊ» ሆና ስትገባ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል!» ብሎ ይጮኻል። «ቢን» ትሸሻለች፣ «ሪትን» ይጠብባል፣ ልጅቷ መሃል ትገባለች። «ሃዝ ኔቨር ቢን ኬርፉሊ ሪትን»፤ በጥንቃቄ ተጽፎ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ማን ይረሳዋል?

ቀጥሎ የቃል ልምምዱ ነው። እሱ አድራጊው ያለበትን ዓረፍተ ነገር ይናገርና መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። ክፍሉ አድራጊውን አውጥቶ፣ «ሰበረው» የነበረውን «ተሰበረ» አድርጎ፣ ገልብጦ ይመልሳል። ክፍሉ ከመለሰ በኋላ ደግሞ እሱ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ መልሱን ይደግመዋል። «ለዘገየው ነው» ይል ነበር። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አድራጊው የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጉደር ላይ ወርዷል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ጠባዩም ይኸው ነበር። አንድ ጊዜ ኳስ የክፍሉን መስኮት ሰበረ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ገብተው «ማን ነው የሰበረው? አሁኑኑ ይውጣ!» ሲሉ ቲቸር ለሜሳ እጁን ኋላ አጣምሮ «መስኮቱ ክፉኛ ተሰብሯል» አለ። «ማን ሰበረው ነው የምልህ!» «ተሰብሯል፤ ነገ ይጠገናል።» በማግስቱ ጠዋት ተማሪ ሳይገባ አንድ አባት መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ልጁን አስከትሎ መጣ። ለሜሳ መስታወቱን ተቀበለ፤ ልጁን አላየውም፣ ሆነ ብሎ ፊቱን አዞረ። «ሰው ስሙ ካልተጠራ በራሱ እግር ይመለሳል» ብሎኛል ያኔ። እኔ በበኩሌ ያን ልጅ ሁለት ጥፊ አቀምሰው ነበር።

ሲስቅ ስቅታ እንደያዘው ሰው ነበር የሚስቀው። ውሻ ይፈራል፤ ከእኔ ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ በእኔ ወዲያኛው ጎን ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ ቀድሞ የሚነሳ አይደለም፤ ድንኳን የሚፈታው ሁሉ እሱን አስነስቶ ነው። ሬዲዮ ላይ የሚሳሳት ጋዜጠኛ ካለ ቆሞ ያርመዋል፣ ሰውየው የሚሰማው ይመስል። ሲፈን ከብዙ መጠበቅ በኋላ ያገኟት አንድ ልጁ ናት። ክፍሉ ውስጥ እንደማንም ተማሪ ነበር የሚያያት፤ ከትምህርት ቤት አጥር ሲወጡ ግን ደብተሯን ተቀብሎ እሱ ይሸከም ነበር። «ትልቅ ልጅ እኮ ናት» ስለው «ደብተሩ ነው የከበደ» ይለኛል።

ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ኦብሳ የሚባል የጌዶ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። እሺ ተባለ፤ የሠርግ ቀን ተቆረጠ። ስትሮክ የመታው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍል ውስጥ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ተናግሮ መዳፉን ዘረጋ። ልጆቹ መለሱ። እሱ ግን እንደ ልማዱ አልደገመውም፤ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ልጆቹ የተሳሳቱ መሰላቸው። ጮክ ብለው ደገሙለት። አሁንም ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ በአንድ ድምፅ ሲመልሱ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ። ያን ቀን እዚያ የነበሩ ልጆች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ኦቦ ታዬ፣ እኛ እኮ መልስ የሚጠብቅ መስሎን ነው» ይሉኛል።

ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሱ አልነበሩም። ንግግሩም ሄዷል። እናቱ ያስተማረችው ኦሮምኛ ሄደ፤ አማርኛው ሄደ። «ኤ... ኤ...» ብቻ። የሚስቱን ስም እንኳ፣ አዴ ጫልቱን፣ መጥራት አቃተው። ፊቷን ያያል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እሷም «ግዴለም፣ አውቄዋለሁ» ትለዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆው ከእጇ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ። ያኔ ከወደ አልጋው ጥርት ያለ፣ የክፍል ውስጥ ድምፅ ሰማን።

«ዘ ግላስ ሃዝ ቢን ባድሊ ብሮክን።»

አዴ ጫልቱ እንደ ቆመች ቀረች። «ማል ጄዼ? ምን አለ? ኦቦ ታዬ፣ ምን አለ?»

«ብርጭቆው ክፉኛ ተሰብሯል፣ ነው ያለው።»

«እሱንማ እኔም አየሁ» አለችና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሳቅም አለበት ለቅሶው።

አንድ ወጣት ሐኪም ለሲፈን እንዳስረዳት፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደጋገመው ነገር አንዳንዴ ሌላው ሲጠፋ ብቻውን ይተርፋል፤ እንደ ዘፈን፣ እንደ ጸሎት። ለሜሳ የተረፈው የክፍል ልምምዱ ነበር። በዚያ ቤት ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሲፈን ቢሮ ናት። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እንጀራ ሳይቀርብ «ዘ ፉድ ሃዝ ኦልሬዲ ቢን ሰርቭድ» ካለ፣ ምግቡ ቀርቧል ማለት ቢሆንም፣ «ርቦታል» ብዬ እተረጉማለሁ። «ዘ ዊንዶው ወዝ ኬርፉሊ ክሎዝድ» ካለ፣ መስኮቱ በጥንቃቄ ተዘጋ ማለት ቢሆንም፣ «በረደው» እላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ፈይሳ ከጭልሞ ጫካ አጠገብ ካለው መንደር እየመጣ ይጠይቀዋል። የታወቀ መራቂ ነው፤ እሱ ያልመረቀው ሠርግ ሠርግ አይባልም። አንድ ቀን ስተረጉም አዳምጦኝ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ታዬ፣ እሱ ያለውን ነው የምትነግረን ወይስ አንተ የመሰለህን?»

«እኔ እንግሊዝኛ አውቃለሁ። አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ወንድሜን ግን አውቀዋለሁ። ይኼ ካሴት ነው። ካሴቱ ይዞራል፤ ሰውየው የለም።»

መልስ ነበረኝ። ግን የሰውየው ዓይን ሞልቶ ስለነበር ተውኩት።

ሠርጉ ሲቃረብ ነገሩ መጣ። በዚያ ቤት ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት አባቷ ፊት ትንበረከካለች። አባት በአፉ ይመርቃል፤ የተሰበሰበው ሰው በእያንዳንዱ ቃል «ሃ ተኡ» ይላል፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። ያለዚያ ከደጅ አትወጣም።

«እኔ እመርቃለሁ» አለ ኦቦ ፈይሳ። «አባት ካልቻለ የአባት ወንድም አባት ነው። ወግ ነው።»

«አባቴ አልሞተም» አለች ሲፈን።

«ማን ሞተ አለሽ?»

«እሱ እዚያ ተቀምጦ ሌላ ሰው ከመረቀኝ ሞቷል ማለት ነው። ካልመረቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሠርጉም ይቅር።»

«ሲፈን፣ ስሚኝ። ወንድሜ አፉ ማር ነበር። በአማቾች ፊት፣ በጌዶ ሰዎች ፊት ‹ኤ ኤ› ሲል ላሳየው? አንቺስ ታሳዪዋለሽ?»

ለሜሳ ወንበሩ ላይ ሆኖ አንዴ እሷን አንዴ ወንድሙን ያያል። የገባው ይመስለኛል። በግራ እጁ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ።

«እኔ አዘጋጀዋለሁ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ አይቻልም የሚል ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላወጣሁም። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሄጄ እንደ ሕፃን ልጅ በኦሮምኛም በአማርኛም «ውለጂ፣ ክበጂ» እያልኩ አስጠናሁት። ከንፈሬን ያያል፣ ያልበዋል፣ አፉን ይከፍታል። «ኤ...» በመጨረሻው ቀን አዴ ጫልቱ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደርሷል» አልኳት። አልደረሰም ነበር፤ ግን ለሙሽራ እናት በሠርግ ዋዜማ ሌላ ምን ይባላል?

ሠርጉ ቀን ዳሱ ሞላ። ከጌዶ የመጡት በአንድ ወገን፣ የአምቦ ሰው በሌላው፤ ግማሹ የሱ ተማሪ የነበረ ነው። ለሜሳን ቡናማ ኮቱን አልብሰን፣ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገን፣ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠን አወጣነው። እኔ ትከሻውን ይዤ ከወንበሩ ኋላ ቆምኩ። ሲፈን በነጭ ልብሷ መጥታ ተንበረከከች፤ ኦብሳ ከጎኗ። «ሃ ተኡ» በሰው ሁሉ ከንፈር ላይ ነው።

ለሜሳ አፉን ከፈተ። ምንም።

«በል ለሜሳ» አልኩት በጆሮው። «በል ወንድሜ።»

ምንም። «ኤ»ም የለም። እንግሊዝኛውም የለም። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ፤ ላቡ በጉንጩ ወረደ። ከጌዶ ወገን ሹክሹክታ ተነሳ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ያን የከንፈር መምጠጥ እሱም ሰማው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እኔ፣ አስተርጓሚው፣ የምተረጉመው ጠፋኝ። ኦቦ ፈይሳ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሳ።

ያኔ ሲፈን፣ እንደ ተንበረከከች፣ መዳፏን ወደ ላይ ዘረጋች። በክፍል ድምፅ፣ ጮክ ብላ፣

«ዘይ ቢልት ዘ ሃውስ ዌል» አለች። ቤቱን ጥሩ አድርገው ሠሩት።

ለሜሳ መዳፏን አየ። ትከሻው ቀና ሲል በእጄ ተሰማኝ።

«ዘ ሃውስ ወዝ ዌል ቢልት።»

አንዲት ፊደል አልተዛነፈችም። የጌዶ ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። ቃሉ በቁሙ «ቤቱ ጥሩ ሆኖ ተሠራ» ነው። ምርቃት ግን ወደ ኋላ አያይም፤ ወደ ፊት አዞርኩት። «ቤትሽ ያማረ፣ የጸና ሆኖ ይሠራ!» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ አድርጎ የሚተረጉም ሌላ ሰው የለም።

«ሃ ተኡ!»

«ዘይ ክሊንድ ዘ ሮድ ኬርፉሊ» አለች።

«ዘ ሮድ ወዝ ኬርፉሊ ክሊንድ።»

«መንገድሽ ሁሉ ይጠረግልሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ!»

«ሃ ተኡ!»

«ዘይ ፌድ ዘ ችልድረን ዌል።»

«ዘ ችልድረን ወር ዌል ፌድ።»

«ልጆችሽ ጠግበው ይደጉ!»

«ሃ ተኡ!» ዳሱ ተናወጠ። ከኋላ የቆሙ የድሮ ተማሪዎቹ መልሱን ከሱ ጋር እኩል ማለት ጀምረው ነበር። አንዱ ጎረምሳ አላስችል ብሎት «ጠጋ በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው እያለቀሰ ሳቀ፤ ለሜሳም ያን ስቅታ የመሰለ ሳቁን ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ሲፈን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

«ማይ ፋዘር ሎቭድ ሚ ዲርሊ» አለች። አባቴ አብዝቶ ወደደኝ። መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች።

ብዙ አያት። አልመለሰም። ደህናውን ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣ፤ የተዘረጋው መዳፏ ላይ አኖረው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፎ ጨበጣቸው። እንደዚያው ሆነው ቆዩ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ደግሞ የምተረጉመው ነገር አልነበረም።

«ሃ ተኡ» አለ ኦቦ ፈይሳ፣ ብቻውን፣ ድምፁ እየተሰበረ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሲፈን ወደ ጌዶ ሄደች። ለሜሳም ከዚያን ቀን ወዲህ አልተናገረም። ማታ ማታ ትደውላለች፤ አዴ ጫልቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። ዓረፍተ ነገር ትልክለታለች፤ እሱ ያዳምጣል፣ ዓይኑ ይበራል፣ አይመልስም። እኔም ሞከርኩ። የማውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ አመጣሁለት። የቆርቆሮውን፣ የመድኃኒት ካርቶኑን፣ የሆቴሉን ሰሌዳ ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩለት፤ መዳፌንም እንደሱ ዘርግቼ ጠበቅኩ። እሱ የሚያየው በሩን ነበር። ብርጭቆ እንኳ ሆነ ብዬ ጥዬ ሰብሬያለሁ። አዴ ጫልቱ ስብርባሪውን እየጠረገች «ይተዉት ኦቦ ታዬ» አለችኝ። «የቀረችውን ቃል ሁሉ ለሷ ሰጥቷታል።»

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ኦቦ ፈይሳ ተናገረ፤ አሳምሮ ተናገረ። አፈሩ ተመለሰ። ሰማዩ ዝናብ ስላረገዘ ሰው ወደ ድንኳኑ መበተን ጀመረ። ሲፈን ከእናቷ እቅፍ ወጣችና መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከች። ጥቁር ነጠላዋ ጭቃ ነክቷል። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ አሥራ ምናምን የሚሆኑ ተማሪዎቹም ነበሩ። መዳፏን ዘረጋች።

«ማይ ፋዘር ሎቭድ ሚ ዲርሊ» አለች።

ጠበቀች።

መልሱን አውቀዋለሁ። እዚያ የቆሙት ልጆችም ያውቁታል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ዲርሊ» የት እንደምትገባ ሰባት ጊዜ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር።

ብንመልስ ግን አድራጊውን ማውረድ ነበር፤ አንዳችንም አልመለስንም። ዝናቡ ጀመረ፤ እሷም እጇን እንደ ዘረጋች ነበረች።